በማዋለጃ ክፍል ውስጥ የጮህኩት እኔ ነኝ

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል። ዛሬ ከሚሴ ከተማ ላይ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ባጃጅ ነጂ እኔ ነኝ!

ጠዋት ሚስቴን ዘሀራን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ አዋላጇ ሲስተር መርምራት "ሁሉም ሰላም ነው" አለችኝ።

እኔ ግን ቲክቶክ ያየሁ ሰው ነኝ! ሆድ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ የልጁን የልብ ምት ስክሪን ላይ የሚያሳይ ማሽን አለ። እንዲያውም ክፍሉ ጥግ ላይ ተሸፍኖ ቆሟል።

ሲስተር የያዘችው ምን ይመስላችኋል? ቀንድ የመሰለ የእንጨት ማዳመጫ! አንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጥና ትሄዳለች። ቆይታ ትመለሳለች፣ ታዳምጣለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

"ሲስተር፣ ማሽኑስ?"

"እርግዝናዋ ምንም ችግር የለበትም። ለእንደሷ ዓይነት እናት በየጊዜው ማዳመጥ ይበቃል። ማሽኑ አልጋ ላይ አስሮ ያስቀምጣታል፤ እሷ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ብትል ይሻላታል።"

እሺ አልኩ። በአፌ!

በመሃል ያለው ዝምታ ግን ጨረሰኝ። እሷ እስክትመለስ ልጄ ምን እየሆነ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሞተር በጆሮዬ ሰምቼ በሽታውን የምናገር ሰው ደግሞ ነኝ። ሲስተር እጇን ልትታጠብ ዞር ስትል ማዳመጫውን አነሳሁ። ዘሀራ "ኧረ ተው!" አለችኝ። የት ልስማ! ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ዱብ... ዱብ... ዱብ...

ቀስ ያለ ነው! የልጅ ልብ ፈጣን መሆን እንዳለበት እኮ እዚያው ቲክቶክ ላይ ሰምቻለሁ። ላብ አጠመቀኝ።

"ልጄ ሊሞት ነው!"

በር ላይ ዱዓ ሲያደርጉ የነበሩት አማቴና ጎረቤቶቻችን ብድግ አሉ። "ያ ረቢ! ማል ተኤ? ምን ሆነ?" እያለች አማቴ ሻርፗን ጥላ ገባች። አንዷ ጎረቤት ስልክ አወጣች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ጨፋ ያሉ ዘመዶቻችን ለቅሶ ልንደርስ ብለው ሚኒባስ ተሳፍረዋል!

ሲስተር ሮጣ መጣች። ማዳመጫውን ከእጄ ነጥቃ ሌላ ቦታ ላይ አሳረፈችው። በአንድ እጇ የዘሀራን የእጅ አንጓ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች አዳመጠች።

"ና፣ እዚህ ጋ ስማ።"

ሰማሁ።

ፈጣን፣ ትንሽዬ፣ የሚጋልብ ነገር! ገና ፊቱን ያላየሁት ሰው እዚያ ውስጥ ሆኖ እየሮጠ ነው። አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም። ሱብሀን አላህ ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ።

"ቅድም የሰማኸው የእናትየውን የልብ ምት ነው" አለች ሲስተር። "እጇን ይዤ የሷን ምት የምከታተለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱብኝ።"

ዘሀራ በምጥ መሃል ሳቀች። "ዶክተሬ፣ በል አሁን ውጣልኝ!"

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፣ አልሀምዱሊላህ! የጨፋ ዘመዶች ሲደርሱ እልል ይበሉ ወይ ያልቅሱ ግራ ገባቸው።

አሁን እናትና ልጅ ተኝተዋል፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እገረማለሁ። ከተጋባን ጀምሮ የዘሀራን ልብ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ምጥ ውስጥ እንኳ ረጋ ብሎ ይመታል። እኔ ደግሞ "ሊሞት ነው" ብዬ ጮህኩበት!

እስቲ ባሎች፣ እውነቱን ንገሩኝ፦ እናንተስ የሚስታችሁን ልብ ብትሰሙት ታውቁታላችሁ?