የሰርጉ ጠቅላይ ሚኒስትር

ቆቦ ላይ ድግስ ካላችሁ ጋሽ ሰይድን አስተናጋጅ አታድርጉት፤ መንግሥት ያቋቁምባችኋል። በጎረቤታችን ሰርግ የሙሽራዋን አባት ፕሬዚዳንት አላቸው፤ ሥራቸው ፈገግ ብሎ መቀመጥ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ይመስላችኋል? ራሱ ነዋ! እኛ ዘንድ ለሙስሊምና ለክርስቲያን ለየብቻ ስለሚታረድ ዳሱም ሁለት ነበር። እሱ ግን ሁለት ምክር ቤት አደረጋቸው።

«ሁለቱም ሳያጸድቁ ወጥ አይወጣም!» ብሎ አወጀ።

እኛ በረሃብ እናዛጋለን፤ እሱ ስብሰባ ይመራል። በመጨረሻ የሙሽራዋ እናት ጭልፋ ይዘው ብቅ አሉ።

«ሰይዴ፣ በሞቴ ቁጭ በል! ሰው ይብላበት።»

ጠቅላያችን ያለ ምርጫ ወረደ። ያዘነ መሰላችሁ? ገና ሁለቴ እንደጎረሰ ተቃዋሚ ሆኖ ተነሣ።

«ወላሂ፣ ይኼ መንግሥት ጨው ያንሰዋል!»