የጋሽ ሙላው ማገጥ

ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት የሌለበት የሐበሻ ሰፈር የለም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሴንት ፖል ከተማ ፍሮግታውን ሰፈር ላለው አፓርታማችን ደግሞ አውራው ደርሶናል፦ ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ሙላው። በሥራቸው የኤርፖርት ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ፣ በራሳቸው ሹመት የሕግ፣ የሕክምናና የአየር ጠባይ አማካሪ ናቸው። "አላውቅም" ሲሉ የሰማ የለም። ነገሩ ሲያልቅ "ብዬ ነበር!" ይላሉ። በረዶ ሲጥል ብለው ነበር፤ ሳይጥል ሲቀርም ብለው ነበር።

ሴንት ፖል በመጋቢት ለአየርላንዶቹ በዓል አረንጓዴ ትለብሳለች። በየኮፍያው ላይ ያለችው ባለ ሦስት ቅጠል ነገር ከነከነችኝና ምን እንደሆነች ጋሽ ሙላውን ጠየቅኳቸው። ሰው ቸግሮኝ አልነበረም፣ መንገድ ላይ አግኝተውኝ እንጂ።

"ማገጥ ናት!" አሉ።

"ማገጥ ምንድን ነው?"

"የአዲስ አበባ ልጅ! ደብረ ታቦር መስክ ላይ ከብት የሚግጠው ነዋ። በሬያችን የሚበላውን ነው እነዚህ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት።"

አላመንኳቸውም። አያቷ ከአየርላንድ የመጡትን ጎረቤታችንን ሚስስ ኖራን ልጠይቅ ሄድኩ፤ ጋሽ ሙላው ተከተሉኝ። ኖራ የተክሏ ስም ሻምሮክ እንደሆነ፣ ቅዱሳቸውም ሥላሴን በሦስቱ ቅጠሏ አስተማረ እንደሚባል ነገሩን። መስኮቷ ላይ ሟቹ ባሏ ቶም የሰጣት የሻምሮክ ማሰሮ አለ። ተክሏ ሲመሽ ቅጠሏን ታጥፋለች። ጋሽ ሙላው ለአየርላንዳዊቷ፣ በገዛ ሳሎኗ፣ ስለ አየርላንድ ሲያስረዷት አመሹ።

ሰኔ ላይ ኖራ ለዳሌዋ ኦፕሬሽን ሚኒያፖሊስ ስትሄድ ማሰሮዋን ለጋሽ ሙላው ሰጠቻቸው። "ውሃ ብቻ ስጧት" ነው ያለችው። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "አደራ ነው" አሉ። ኖራ አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ በምን ታውቃለች?

አንድ ቀን ከሰዓት ማሰሮውን ታቅፈው በሬን አንኳኩ። ማሰሮው ውስጥ ከአፈርና ከደረቀ ቅጠል በቀር ምንም የለም።

"ዘይኔ፣ አለቀልኝ። ውሃ አብዝቼባት፣ ኦቨርዋተር አድርጌያት ይሆን?"

"ምን ሆና ነው ጋሽ ሙላው?"

"አላውቅም" አሉ።

ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ለአምቡላንስ ልደውል ምንም አልቀረኝ።

"የሟች መታሰቢያ እኮ ናት። በስተርጅና አደራ በላ ልሁን?"

በማግስቱ በመስኮት ሳይ ከጓሮው ሣር ላይ ተንበርክከው በሾርባ ማንኪያ ይቆፍራሉ። ሣሩ መሀል የበቀለችውን ባለ ሦስት ቅጠል ነቅለው እዚያው ማሰሮው አፈር ላይ ተከሏት። ወጥቼ ስጠይቃቸው "የኛዋ ማገጥ ናት። ባዶ ማሰሮ አልመልስላትም" አሉኝ።

ኖራ በዎከር እየተደገፈች ተመለሰች። ዝም ብለው ቢሰጧት ማን ይለያል? ጋሽ ሙላው ግን ገና ከበሩ፣ "ሚስስ ኖራ፣ የቶም ሞታብኛለች። ይቺ የጓሮ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ።

ኖራ ቅጠሎቹን ዳሰሰች።

"አያቴ በበዓሉ ደረቷ ላይ የምትሰካው ይቺን ነበር" አለች። "በአገሯ ሻምሮክ የሚሏት ይቺን ነው። ቶም የገዛልኝ ሱቅ ውስጥ በስሟ የሚሸጡትን ሌላ ተክል ነበር። ደስታው እንዳይበላሽ ብዬ ነግሬው አላውቅም።" ከዚያ አፈሩን በጣቷ ጫር አድርጋ ሳቀች። "ደግሞ የእሱም አልሞተችም። ሙቀት ሲበረታ ትተኛለች። ሥሯ ይኸው፣ ትነሣለች።"

እኔ "ብዬ ነበር!" እስኪሉ ጠበቅኩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነዋል! ጋሽ ሙላው ግን መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አልቻልኩም። አንጀቴን በሉኝ።

"ብለው ነበር!" ብዬ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮህኩላቸው። "በመጋቢት ነው ያሉት! ማገጥ ናት ብለው ነበር!"