ክቡር ኦርቪን እና የተከራየነው ስሌት

የምህንድስና ትምህርት ባለበት ሁሉ በነጻ ሶፍትዌር የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ከሊፍት ሳትወርዱ ይይዛችኋል። የእኛው ክቡር ኦርቪን ስኮግ ይባላሉ፤ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ፣ ኦክታቭ የተባለው ነጻ የስሌት ሶፍትዌር ሐዋርያ፣ በዊስኮንሲን ምድር ዓርብ ማታ ተሰብስበን የምንበላውን የዓሳ ጥብስ ሁሉ አበላሽ።

ዓሳው ገና ሳይቀርብ ይጀምራሉ።

"ያንን የምትከራዩትን የስሌት ሶፍትዌር ውስጡን አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ድንቹን ያቀብሉኝ።"

"ታዲያ መልሱ ትክክል መሆኑን ማን ነገረህ? ማትሪክስ ማባዛት የማን ርስት ነው?"

ድንቹን አያቀብሉም።

ኦክታቭ ያው የኪራዩን ሥራ ይሠራል፤ ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ ያስተካክለዋል። ክቡርነታቸው የልጃቸውን ሠርግ የመቀመጫ ድልድል እንኳ በእሱ አስልተው የሙሽራውን እናት ሳህን ማጠቢያው በር ላይ ጣሏቸው። "ስሌቱ እንከን የለውም" ይላሉ እስከ ዛሬ።

እንስቃለን። እኛስ? ዩኒቨርሲቲው የገዛው የሶፍትዌር ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሰው ብቻ ስለሚበቃ ዶክተር የተባለ ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ "ለምሳ የወጣኸው ሰውዬ፣ ሶፍትዌሩን ዝጋልን እንጂ!" እያለ ይጮኻል። በተከራየ ጭንቅላት እያሰብን ተማሪም እናስተምራለን። አናፍርም!

በየካቲት፣ ተማሪያችን ፓንያ ቫንግ የምርምር ጽሑፏን በምትከላከልበት ቀን ጠዋት፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ጊዜው አልቆ ሞተ። የሚያድሰው ሰው ረስቶታል። ፓንያ ስሌቱን በፈታኞቿ ፊት ማስኬድ አለባት፤ ከዱሉት ከተማ በበረዶ የመጡት ፈታኝ ደግሞ በማግስቱ ለአንድ ዓመት ኖርዌይ ይሄዳሉ። ዛሬ ካመለጣት ዓመቷ ተበላ።

የኦርቪንን በር በእግሯ መታች።

"በመጨረሻ!" አሉ እየተነሡ። "እኔ ስናገር—"

"ስብከቱን ማታ ይጨርሱልኛል። አሁን ኦክታቭን ይክፈቱልኝ!"

ከፈቱ። ቀይ መልእክት መጣ፤ እሷ የተጠቀመችበት አንድ ትእዛዝ ኦክታቭ ውስጥ የለም። ክቡርነታቸው ወደ ስክሪኑ ተጠግተው መልእክቱን ደግመው አነበቡት።

"የለንም" አሉ ቀስ ብለው። "የለንም ማለት ግን ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።"

እሷ ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ እሳቸው ትእዛዙን መጻፍ ጀመሩ።

"ተሳሳቱ፣ ምልክቱ ተገልብጧል!"

"አንቺ ነሽ የገለበጥሽው!"

እየተጨቃጨቁ ጨረሱት፣ ፈታኞቹ በፈተናው ክፍል ወንበር ሲስቡ።

ፓንያ በፈታኞቿ ፊት ስታስኬደው ግራፉ ወጣ። ከጎኑ ያሉት ፊደሎች እርስ በርስ ተደራርበው ለዓይን ያስጠላሉ፤ መስመሩ ግን ልክ መሄድ ባለበት ሄደ።

"እኔ ይህን ኖርዌይ ሆኜ ላስኬደው እችላለሁ?" አሉ የዱሉቱ ፈታኝ።

"አሁኑኑ ይውሰዱት" አለች ፓንያ። "ማንንም ማስፈቀድ የለብዎትም።"

አለፈች። ሲጨበጨብ ኦርቪን የሉም። ወጥቼ ሳይ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ኮምፒውተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ኦክታቭን በየአገሩ ሆነው ለሚሠሩት፣ በዓይን አይተዋቸው ለማያውቁ ሰዎች፣ አዲሱን ትእዛዝ ይልካሉ። ስለተደራረቡት ፊደሎችም አቤቱታ ጨምረውበታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እየሮጠ መጣ። "የሶፍትዌሩ ፈቃድ ታደሰልን! ያ ሽማግሌ የት አለ? ልንገረው!"

ስንት ዓመት ከሳቸው ላመልጥ በጓሮ ደረጃ የወረድኩት እኔ፣ እጄን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁበት።

"ወዲያ አትለፍ" አልኩት። "እየጻፉ ነው።"