ክብርት ቃል አቀባይ

የልጇን ሕመም በራሷ አፍ የማትናገር እናት እስካሁን አልተወለደችም። ይህችኛዋን ግን የሚስተካከላት የለም። የሕጻናት ክሊኒኩ ነርሶች "ክብርት ቃል አቀባይ" ይሏታል። እሷም ሰምታ አልተቀየመችም፤ "ሹመት አይጠላም" ብላ ሳቀች።

ልጇ ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም አለባት፤ ቀይ የደም ሕዋሶቿ እንደ ማጭድ እየተቆለመሙ ደም ሥሯን ሲዘጉት አጥንቷን ይጠዘጥዛታል። ሐኪሙ ልጅቷን "እንዴት አደርሽ?" ሲላት እናት "ኧረ ምኑን አደርነው!" ትላለች። ጫማ ቤት፣ ጫማው በልጅቷ እግር ላይ እያለ "ይጠባታል" የምትለው እናት ናት። አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ ልጅቷን ሰዓት ቢጠይቃት እናት ቀድማ "ትምህርት ላይ ናት" አለችው። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ልትዛወር ስትል የሕጻናቱ ነርስ ለብቻዋ ጠራቻት።

"ስሚኝ የኔ ልጅ፣ እዚያ የሚያውቅሽ የለም። ሕመምሽን ራስሽ ካልተናገርሽ 'እያስመሰለች ነው' ብለው ማስታገሻ ሊከለክሉሽ ይችላሉ። እናትሽ እንደሆኑ ሁልጊዜ አብረውሽ አይሆኑም።"

"እኔ ደግሞ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ!" አለ ከበሩ ኋላ አንድ ድምፅ።

በአዋቂዎቹ ክሊኒክ አዲሱ ሐኪም ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። "ሕመሙ ሲነሳብሽ እንዴት ያደርግሻል?"

ልጅቷ እንደ ልማዷ እናቷ እስክትመልስ ጠበቀች። አጠገቧ የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ሰማች። እናቷ ውሃ ተጎንጭታ፣ ሳትውጠው፣ ጉንጮቿን ነፍታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

"ከወገቤ ይጀምረኛል" አለች ልጅቷ። "አጥንቴ ውስጥ የሆነ ሰው በር እያላጋ የሚዘጋ ይመስለኛል። ያኔ ቶሎ ማስታገሻ ስጡኝ። እያስመሰልኩ አይደለም።"

ገረማት። ይህ ሁሉ ድምፅ የት ተቀምጦ ኖሯል?

ሐኪሙ አምኗት ጻፈ። "ሕመሙ መጀመሪያ የታየብሽስ መቼ ነው?"

ይህን አታውቅም። ወደ እናቷ ዞረች። እናት ውሃውን ዋጠች።

"ጥርስ ሳታበቅል፣ ሁለት እጇ አብጦ" አለችና ጸጥ አለች።

ይህች ሴት፣ በአንድ ትንፋሽ ብቻ በቃኝ አለች! ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ዝምታ መጥቶ ክፍሉን ወና አደረገባት። ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች።

"ቀጥይ እንጂ እማ፤ እኔም እኮ ሰምቼው አላውቅም።"