ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማን ተመዘገበ?

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመስኖ ውሃ ተራ የሰረቀችውን ሴት ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እኔ ነኝ!

አዎ፣ እኔ! ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደምሴን «ተራ ዘልለዋል» ብዬ ሰፈር ያሰማሁት።

በደብተር ስንጽፍ ከላይ ስም እየተሰነቀረ አስቸገረን። ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ ሜሮን፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ሠራችልን። ስም ሲጻፍ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያጠጣል። «ማሽን አያዳላም!» ብዬ የመስኖ ማኅበራችንን ያሳመንኩት እኔው ነኝ።

የሽንኩርት ችግኜ በዚህ ሙቀት ዛሬ ካልጠጣ አለቀለት። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ማኅበሩ ቢሮ ደረስኩ። ሜሮን ውጭ ስልክ ታወራለች። ላፕቶፑን ባየው ጥጉ ላይ 7:20 ይላል።

ሰባት ሰዓት? ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ እኮ ነው!

በስልኬ እንደማደርገው ነካካሁና 1:20 አደረግሁት። ስሜን ጻፍኩ። ከእኔ በኋላም ብዙ ሰው ተመዘገበ።

ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ዝርዝሩን አነበቡ። «አንደኛ፣ እትዬ አልማዝ። የተመዘገቡት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ!

ከሁላችንም ቀድመው የመጡት ጋሼ ደምሴ ከዝርዝሩ ግርጌ ወርደዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«እትዬ አልማዝ፣ በመስኮት ነው የገቡት ወይስ በጣሪያ?»

ሳቁ መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሜሮን ጆሮዬ ሥር መጣች። «እማማ፣ ሰዓቱን ነክተሻል? ፕሮግራሙ እኮ የራሱ ሰዓት የለውም። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል፣ የተነገረውን ያምናል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእሱ 1:20 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነበር!»

በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ችግኜም ይጠጣል።

ግን እንዴት ዝም ልበል? እስቲ ንገሩኝ!

«ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «የቀደመኝን ሁሉ አስቀድሙ፣ እኔን መጨረሻ ላይ ጻፉኝ።»

ጋሼ ደምሴ ፈገግ አሉ። «ባለፈው ሳምንት እኔንም ያሳሳተኝ ሰዓት ይሆናላ!»

ያንን ግን አልቀበልም!

ይህን የምጽፈው ቦዩ ዳር ተቀምጬ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እኔም አብሬያቸው።

ትክክል የነበረ ሰዓት ያስተካከለ ሌላ ሰው አለ? ካለ ኮሜንት ላይ እጁን ያውጣ።

ተራችሁን ጠብቃችሁ!