ሦስት ባለቤት ያለው የሚዳቋ መንጋ

ሚዳቋ የመሬት ካርታ አታነብም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ትሉኝ ይሆናል። ከካርቱም ወጣ ብሎ ጎን ለጎን ትንንሽ እርሻ የያዙ ሦስት ጎረቤታሞች ግን ይህን እያወቁ፣ አንዱን መንጋ ሦስቱም "የኔ ነው" ይላሉ።

የአንደኛው ዘበኛ እኔ ነኝ። አሠሪዬ ሐጂ ዑስማን መንጋውን ውሃ ያጠጣሉ፣ ሣር ያበላሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ ዓርብ ዓርብ እንግዳ እየጠራ ያድነዋል። ሦስተኛው ሰውዬ አያበላም፣ አያድንም፤ ባለቤት ነኝ ማለት ብቻ ነው ሥራው። ጠዋት እኛ ጋ የጠገበችው ሚዳቋ ከሰዓት አዳኙ ጋ ተመትታ ትወድቃለች። ሦስቱ "ያረገዘች አትመታም" ተባብለው ነበር፤ ኢንሻአላህ ብለው ተለያዩ። ኢንሻአላህን መቼም ታውቋታላችሁ።

አንድ ዓርብ ሆዷ የገፋ ሚዳቋ ድንበር አልፋ አዳኙ ጎረቤት መሬት ላይ፣ ግራር ውስጥ ስትግጥ አየኋት። ልመልሳት ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ተኩስ። ከራሴ በላይ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ወደቀ። መሬት ላይ ተለጠፍኩ። ብነሣ ሚዳቋ መስዬ እመታለሁ፤ ብተኛ የመኪናው ድምፅ እየቀረበ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት የተናገርኩት ዐረብኛ ድራሹ ጠፋ። ከአፌ የወጣው "ሰው ነኝ! በማርያም፣ ሰው ነኝ!" የሚል የአማርኛ ጩኸት ነው። አዳኞቹ ምን ገብቷቸው! ደግመው ተኮሱ።

የሰሙኝ ጋሽ ሙላት ናቸው። ድሮ አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ አሁን ስድሳ ዓመት አልፏቸው የዚያው አዳኝ ጎረቤት ዘበኛ ናቸው። ሮጠው ከጠመንጃው ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

"ያ ጀማዓ፣ አቁሙ! ፊ ዞል! ሰው አለ!"

ተኩሱ ቆመ። ጋሽ ሙላት መጥተው አጠገቤ ተንበረከኩ።

"ተመትተሃል?"

"አላውቅም ጋሼ። እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።"

ከራሴ እስከ እግሬ ዳበሱኝ። "ደህና ነህ" አሉኝ። "ግን ትንሽ ተኛ። እኔም መቆም አቅቶኛል።"

ሚዳቋዋ ያኔ ድንበሩን ተሻግራ ወደ እኛ ተመልሳ ነበር፤ እኔ ሳልነዳት።

በማግስቱ ሦስቱ ባለቤቶች እንደገና ተሰበሰቡ። የማን ሚዳቋ፣ በማን መሬት እያሉ ሲጨቃጨቁ ቆይተው፣ ግልገል እስኪያድግ በሦስቱም እርሻ ተኩስ እንዲቀር ተስማሙ። እስካሁን ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሚዳቋዋም በሰላም ወለደች።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ የአንድ መኪና ጎማ ልክ እንደ ተኩስ ጮኾ ፈነዳ። መንጋው በርግጎ ሮጠ። የኔ ሥራ ከኋላ ሆኖ መመለስ ነው።

ዞር ብዬ ሳይ፣ ከፊት እየመራሁት ነበር።