ጋሽ ደስታ ለፎቶ ሲለብሱ

ካሜራ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በገዛ ሰፈሩ ፎቶ የሚያነሳው ነገር ያጣል። እኛ የጉለሌ ሰዎች የእጽዋት ማዕከሉ አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ ወፍና ዛፍ ፍለጋ አገር እናቋርጣለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እኔም ከዚያው ነኝና አትፍረዱብኝ። የሰፈራችን ጅብ ደጃችን ድረስ እየመጣ ሲያዜምልን አንድም ቀን ፎቶ አንስቼው አላውቅም፤ ሩቅ አገር ያለ አዞ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

አዲሱ ገበያ አካባቢ የምንኖር ፎቶ አፍቃሪዎች ማኅበር አለን። ማኅበር ስላችሁ እንዳታካብዱት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጣን ስለ ሌንስ የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነን። አርባ ምንጭ ወርደን የዱር እንስሳና የገጠር ኑሮ ልናነሳ፣ ስንመለስም በእድሩ አዳራሽ ልናሳይ ተስማማን። ባለቤቴ አልማዝ ይህን ስትሰማ ፍርዷን ሰጠች። "ሂድ። ግን አንድ ሰው እንኳን 'ስጠኝ' ብሎ የሚለምንህ ፎቶ ይዘህ ካልመጣህ፣ ካሜራው ይሸጣል።" አልማዝ ስትጮህ አታስፈራም፤ እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር ነው ጉዱ። እኔ ደግሞ ካሜራዬን እወደዋለሁ። በሕይወቴ ራሴ የመረጥኩት ነገር እሱ ብቻ ነው፤ አልማዝን እንኳ የመረጠችልኝ እናቴ ናት።

ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጣን። ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። የማኅበራችን አውራ ኢንጂነር ዳንኤል ክንድ የሚያህል ሌንሱን ደግኖ ተቀመጠ። እኔም አንድ አዞ ላይ አነጣጥሬ አፉን እስኪከፍት ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ልክ ሲከፍት አብረውን የመጡት እትዬ ሙሉ "እኔንም አስገባኝ እንጂ" ብለው ከፊቴ ድቅን አሉ። እኛ ዘንድ ሰው የሌለበት ፎቶ ፊልም ማባከን ነው፤ ፊልሙ ከጠፋ ቆየ፣ ልማዱ ግን ወይ ፍንክች። ጉማሬውንም፣ ዝንጀሮውንም፣ ሻላውንም ሳነሳ አንድ የጉለሌ ነዋሪ ከፊት ቆሞ ፈገግ ይላል። ኢንጂነሩ ግን አዞውን ከነጥርሱ ለቀም አደረገው።

የቀረኝ ተስፋ ዶርዜ ብቻ ነበር። ተራራውን ወጥተን መንደሩ ስንገባ ጋሽ ደስታ የሚባሉ ሽማግሌ ከቀርከሃ ቤታቸው ደጅ ሸማ ሲሠሩ አገኘሁ። እጃቸው፣ ክሩ፣ በእንሰቱ መሃል ሾልኮ የገባው ብርሃን፣ ምኑ ቅጡ! በቃ፣ ካሜራዬ ተረፈ አልኩ። "ጋሼ፣ እንዳላዩኝ ሆነው ይሥሩ" አልኳቸው።

መወርወሪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። "እንግዳ ደጄ ቆሞ እንዴት እንዳላየሁ እሆናለሁ? ነውር አይደለም እንዴ?"

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሸምኑ ኖረው የተመለሱ ናቸውና አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ጉለሌ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ለካ ልጃቸው አለማየሁ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። "እንግዲያ ቆይማ፣ ፎቶውን ለእሱ ታደርስልኛለህ" ብለውኝ ገቡ። እኔ ስጠብቅ ያ ብርሃን ሄደ። ጋሽ ደስታ ተጣጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ደግፈው ወጡ። ለሴትዮዋ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ አሉ። ኢንጂነሩ ከኋላዬ "ለመታወቂያ ነው?" ሲል ሁሉም ሳቁ። አነሳሁ፤ ምን ላድርግ? በልቤ ግን ካሜራውን ሸጬ ጨርሻለሁ።

ስንመለስ በእድሩ አዳራሽ የኢንጂነሩ አዞ ፊት ለፊት ተሰቀለ፤ የእኔዋ የጋሽ ደስታ ፎቶ በሩ አጠገብ። አደራ አደራ ነውና ሽሮ ሜዳ ሄጄ አለማየሁን አፈላልጌ ፎቶው ያለበትን ነገርኩት። እሁድ ዕለት ከአገሩ ልጆች ጋር መጣ። አልማዝም አጠገቤ ነበረች። አለማየሁ ፎቶው ፊት ቆሞ እናቱ ላይ ዓይኑን ተከለ። "ምነው፣ ከፋህ እንዴ?" አልኩት።

"ቆማለች" አለ።

ለካ እናቱ ታመው ለወራት አልጋ ላይ ውለው ነበር። ኋላ "ድኛለሁ" ብለው ቢደውሉለትም አላመናቸውም። "በስልክማ ማን ደህና አይደለሁም ይላል?" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። ወንበሩን ለምን እምቢ እንዳሉ ያኔ ገባኝ፤ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ።

"ስጠኝ" አለ። መልሴንም አልጠበቀም፤ ከሚስማሩ አውርዶ በጋቢው ጠቅልሎ ያዛት። የአገሩ ልጆች ከበቡኝ፤ አንዱ የእኔንም እናት አንሳልኝ፣ አንዱ የእኔንም አባት ይላል። አልማዝ መሃል ገብታ "ተራ በተራ፤ ከጥምቀት በኋላ ይሄዳል" ትላለች። እኔ መሄዴን ገና መስማቴ ነው። ካሜራው እንደማይሸጥ ግን ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ማምሻውን ምርጥ ፎቶ ሲመረጥ የእኔዋ ግድግዳው ላይ ስላልነበረች አልተወዳደረችም። አንደኛ የወጣው አዞው ነው። ይገባዋል፤ ከልቤ አጨበጨብኩለት። አዳራሹ ሲዘጋ ግን አፉን እንደከፈተ፣ የሚወስደው አጥቶ፣ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።